ብርድ የመታት ሞተር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጥምቀት ቀጥሎ በዋለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሴንት ፖል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝና ገጹ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ተንበርክኬ፣ ከተጨበጠ እጅ ብዙም የማትበልጥ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ለማስነሣት አርባ ደቂቃ ያህል ታግያለሁ። የመኪናዬ መለኪያ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ ለሚኒሶታ ጥር ይህ የሚያስደንቅ ቁጥር አይደለም። ፕሮፔለሩን በእንጨት ዘንግ እመታለሁ፤ አየርና ነዳጅ በሚቀላቀሉበት በካርቡራተሩ አፍ ነዳጅ አንጠባጥባለሁ፤ ነዳጁን በጋለ ክር የምታቀጣጥለውን ግሎው ፕላጓን ፈትቼ አያታለሁ፤ ክሯ እንደ ፍም ቀልታ ታበራለች፤ መልሼ አስራትና እንደገና እመታለሁ። ሞተሯ ግን መነሣቱ ይቅርና አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰችም።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። መካኒኮቻችን ሞተሪኖ የሚሉት ዓይነት፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሽከረከር የእጅ ማስነሻ ነበረኝና አፉን ከፕሮፔለሩ አፍንጫ ላይ ገጥሜ ተጫንሁት። ፕሮፔለሩ ግማሽ ዙር ያህል ሄዶ ቀጥ አለ። እኔም ብርዱ ይዟት ነው ብዬ ይበልጥ ተጫንሁ፤ ከውስጥ ቀጭን፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቤት ወስጄ ስፈታት ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ተጣሞ አገኘሁት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ያንጠባጠብሁት ነዳጅ ከፒስተኑ በላይ ተጠራቅሞ ኖሯል፤ ፈሳሽ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅምና አንዱ ወገን መሸነፍ ነበረበት። ብርዱ አላስነሣ አላት እንጂ የሰበርኋት እኔው ነኝ።

የሚያናድደኝ፣ ይህን ነገር ከማንም በፊት ማወቅ የሚገባኝ ሰው መሆኔ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት በሚያድርበት አገር። ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የጭነት መኪና ረዳቶች በቆርቆሮ ፍም አድርገው ከሞተሩ ሥር አስገብተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳቱን እየቆሰቆሱ ሲጠብቁ እናያቸው ነበር። ሾፌሩ ቁርሱን በልቶ እስኪመጣ ድረስ ቁልፍ የሚነካ የለም። እኛ ልጆቹ እጃችንን ለማሞቅ ስንጠጋ ረዳቱ “ዞር በሉ! ለእናንተ መሰላችሁ እንዴ ያነደድሁት?” እያለ ያባርረናል፤ በማግስቱም እንመለሳለን። ያ ረዳት መጀመሪያ ብረቱ እንደሚሞቅ፣ ቁልፉ የሚዞረው ከዚያ በኋላ መሆኑን ያለ ምንም ትምህርት ያውቅ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ጥሩ ማስነሻ በገንዘቤ ገዝቼ ቅደም ተከተሉን ረሳሁት።

ግሎው ሞተር በመኪና ቤንዚን አይሠራም፤ የመኪና ካንዴላም የለውም። ነዳጁ በአብዛኛው ሜታኖል የተባለ አልኮል ሲሆን ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ዘይት ይገባበታል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነትና እንደ አብራሪው ኪስ ደግሞ ከመቶ 5፣ 10 ወይም 15 እጅ ናይትሮሜቴን የተባለ ጉልበት ሰጪ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሳይሆን ፕላቲነም ያለበት፣ እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ነው። ክሩን መጀመሪያ 1.5 ቮልት ገደማ የሚሰጥ ባትሪ ያግለዋል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ክሩም ሜታኖል ከፕላቲነም ጋር ሲገናኝ በሚፈጠረው ሙቀትና ከእያንዳንዱ ቃጠሎ በሚተርፈው ግለት ራሱን በራሱ እንደጋለ ይኖራል። ይህን ፕላግ እ.ኤ.አ. በ1947 ለሞዴል አብራሪዎች ገበያ ያቀረበው ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ከዚያ በፊት ትንሿ አውሮፕላን ብልጭታ የሚሰጡትን ባትሪዋን፣ ቦቢናዋንና ኮንደንሰሯን ሁሉ ተሸክማ ነበር የምትበረው። እኔ ይህን ፈጠራ እጅግ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ሽቦ የሌለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው መሣሪያ ሲያምፅ ጥፋቱን የምትጠረጥርበት ቦታ ስለሚያንስህ ሁልጊዜ ፕላጉን ብቻ ትወነጅላለህ። በዚያች ቅዳሜ ሦስት ፕላግ ለዋውጫለሁ፤ ሦስቱም ደህና ነበሩ።

ፕላጓ ቀልታ እየታየች፣ ነዳጁም እየገባ ሞተሯ እንቢ ስትል የጎደለው እንፋሎት ነው። ፈሳሽ ነዳጅ እንደ ፈሳሽነቱ አይነድም፤ የሚነደው ከፈሳሹ የሚነሣው እንፋሎት ነው፤ ሜታኖል ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል በቂ እንፋሎት የሚሰጠው ከ11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይህን ማድረግ ስለሚችል የመኪና ልምድ እዚህ ላይ ክፉኛ ያሳስታል። በዚያ ጠዋት ጠርሙሴ ውስጥ የነበረው ነዳጅ ተቀጣጣይ ከሚሆንበት ሙቀት 25 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነበርና፣ በጋለ ክር ላይ ባንጠባጥበው ክሩን ከማጥፋት በቀር የሚጠቅመኝ ነገር አልነበረውም።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው የሚሰማንን ቅዝቃዜ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አልኮሉ ሲተንን ሙቀቱን ከቆዳችን ስለሚወስድ ነው። ሜታኖል ወደ እንፋሎት ለመለወጥ በክብደት ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ለአንድ ዓይነት የአየር መጠን ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ሜታኖል ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲባዙ ሞተሩ ለሚስበው ለእያንዳንዱ እፍታ አየር የሚከፈለው የሙቀት ዋጋ ወደ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። በሞቃቱ ወራት ይህ በረከት ነው፤ ሞተሯን ከውስጥ ያበርድላታል፤ እርጥበት ባለበት ቀን በሥራ ላይ ያለ ካርቡራተር ከውጭ በኩል ነጭ ብናኝ በረዶ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በጥር ግን ያው በረከት ዕዳ ይሆናል። “ትንሽ ነዳጅ ልጨምርላት” እያልሁ ያንጠባጠብሁት ሁሉ ለሞተሯ እንደ ነርሷ ጥጥ ነበር፤ የነበራትን ጥቂት ሙቀት ጠብታ በጠብታ ጠረግሁላት።

ዘይቱም የራሱ ጣጣ አለው። በእነዚህ ነዳጆች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚገባው የጉሎ ዘይት ነው፤ አዎን፣ ያው በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው ጉሎ። እናቴ ፍሬውን ቆልታና ወቅጣ በጨርቅ ቋጥራ ምጣዷን ታስስበት ነበርና፣ አሜሪካ መጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የግሎው ሞተር ጢስ የሸተተኝ ዕለት በበረራ ሜዳ መካከል ቆሜ የእንጀራ መጋገሪያ ቤታችን ትዝ አለኝ። ምን እንደሆነ ማወቅ አቅቶኝ የነዳጁን ጣሳ አንሥቼ እስካነበብሁ ድረስ አላመንሁም። የጉሎ ዘይት ሌሎች ዘይቶች በሚቃጠሉበት ግለት ብረትን ስለሚጠብቅ ዛሬም ቢሆን በሰው ሠራሽ ዘይቶች ፈጽሞ አልተተካም። በብርድ ግን እንደ ማር ይወፍራል፤ ካለፈው በረራ ሲሊንደሩና ኩሽኔታዎቹ ላይ የቀረው ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። ስለዚህ በብርዱ ወራት አብዛኛው ሰው ሠራሽ ዘይት የሆነና ጉሎው ጥቂት የሆነ ነዳጅ እመርጣለሁ፤ ሽታው ባይቀርብኝ እወድ ነበር።

ብረቱ ራሱም ከብርዱ ጋር ያብራል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ትንንሽ ሞተሮች የአሉሚኒየም ፒስተን አላቸው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት የነሐስ እጅጌ ከውስጥ በክሮም ወይም በኒኬል የተለበጠ ሲሆን ወደ ላይኛው ጫፍ በዓይን በማይታይ መጠን እየጠበበ ይሄዳል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሞተሩ በሥራ ላይ ሲግል ነሐሱ ከፒስተኑ ይበልጥ ስለሚሰፋ በዚያን ጊዜ ልክክ ብለው ይገጥማሉ። በቀዝቃዛነቱ ግን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነከሳል፤ አዲስ ሞተር በእጅ ሲዞር የሚያሰማው ሲጥ የሚል ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ላይ ንክሻው ይብሳል፤ በግድ ሲዞር ጭነቱን የሚሸከመው ያው ምስኪን ቢየላ ነው። እኔ ፈሳሹን ባላጠራቅም ኖሮ እንኳ በዚያ ማስነሻ ደጋግሜ መጫኔ ዕድሜዋን ያሳጥረው እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ስለ ባትሪው ብዙ መናገር አያሻም፤ ብርድ ውስጥ የሚገኝ ባትሪ ሁሉ ይደክማል። ፕላጉን የሚያግለው ትንሽ ባትሪ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲመጣ ክሩን ደብዛዛ ቀይ ብቻ ያደርገዋል፤ ትክክለኛው ቀለም ወደ ብርቱካንማ ያደላ ነው። ከሸሚዜ ደረት ኪስ ውስጥ ከኮቱ በታች አስቀምጠዋለሁ፤ የሚወጣው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው።

መፍትሔውን ያሳዩኝ በሐይቁ ላይ የማገኛቸው አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ሞተሬን አስጠግኜ በተመለስሁበት ቅዳሜ መሣሪያዬን ስዘረጋ መጡና ምንም ሳይሉ ጓንታቸውን አውልቀው የሞተሬን ሲሊንደር በባዶ እጃቸው ያዙት። ወዲያው ለቀቁት። “እጅህ መያዝ የማይወደውን ሞተር አታስቸግራት” አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን አውሮፕላን አሳዩኝ። ከሞቀ መኪና ውስጥ ገና እያወጧት ሲሆን፣ ሞተሯ ላይ አሮጌ የሱፍ ካልሲ አጥልቀውበት ነበር፤ ካልሲው ውስጥ ከፋርማሲ የሚገዙት፣ ሲታሹ የሚሞቁት የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች ሁለት ገብተውበታል። በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው የብረት ዱቄት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲዝግ ሙቀት ስለሚያወጣ እሳት የሚባል ነገር የለውም። ካልሲውን ገፈፉት፣ ባትሪውን አገናኙ፣ ፕሮፔለሩን ሁለት ጊዜ መቱት፤ ሞተሯ ተነሣች። እኔ በአርባ ደቂቃ ያጣሁትን እሳቸው በአርባ ሰኮንድ አገኙት፤ ደግነቱ አልሳቁብኝም።

የእሳቱ ጉዳይ ሊደገም የሚገባው ነው፤ የደብረ ብርሃኑን ፍም ማንም ሰው እዚህ እንዳይሞክረው። የናፍጣ መኪና ሌላ፣ ሜታኖል የተሞላ ታንክ ከአጠገቧ ያለ ሞተር ሌላ። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ እጅህ ሲቃጠል ነው መንደዱን የምታውቀው። በአላስካ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ይበሩ የነበሩ አብራሪዎች ማታ ዘይቱን ከሞተሩ አውርደው ቤት ውስጥ እያሳደሩ፣ ጠዋት በምድጃ አሙቀው ይመልሱት እንደነበር፣ ሞተሩንም በሸራ ድንኳን ሸፍነው ከሥሩ ምድጃ ያነድዱለት እንደነበር ይታወቃል፤ ከእነርሱ መካከል አውሮፕላኑን በዚያው እሳት ያጣ ነበር። እኔ ከቤት ስወጣ በፀጉር ማድረቂያ አሞቃታለሁ፤ ከዚያ ካልሲው ይገባል። ነዳጁን በደንብ በተከደነ ጠርሙስ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ሜታኖል መርዝ ስለሆነ በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አላስቀምጠውም። አረቄ የሚመስል ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በእኛ አገር ሰው ዘንድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መናገር የለብኝም።

አንዳንዶች ብረቱን ከማሞቅ ይልቅ ለመነሻ የሚሆን ሌላ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ላይተር የሚሞላበትን ቀላል ቤንዚን ሁለት ጠብታ በካርቡራተሩ አፍ ያደርጋሉ፤ በብርድም ስለሚተንን ሞተሯ ቶሎ ታስነጥሳለች፤ ያቺ የመጀመሪያ ቃጠሎ የምትሰጠው ሙቀት ለሜታኖሉ መንገድ ትከፍታለች። ይህን ፈሳሽ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናፍታ ሲሉት ሰምቶ አንድ የአገሬ ልጅ ነዳጅ ማደያ ሄዶ የጭነት መኪና ናፍጣ እንዳይገዛ፤ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ዕቃው ሌላ ነው። እኔ ከሁለት ጠብታ አላልፍም፤ ይህ ፈሳሽ ዘይት የለውምና ሲበዛ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ያደርቀዋል።

አሁን ልማዴ እንደሚከተለው ነው። ካልሲው ከመውለቁ በፊት፣ ባትሪው ገና ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ፕሮፔለሩን በእጄ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ፤ ዘይቱ መላላቱንና ፈሳሽ አለመጠራቀሙን የማውቀው በዚህ ነው። ጠንከር ያለ እንቅፋት ከተሰማኝ ፕላጓን ፈትቼ፣ አውሮፕላኗን ገልብጬ ነዳጁን አፈስሳለሁ እንጂ አልገፋም። ከዚያ ካርቡራተሩን ሩብ ያህል እከፍታለሁ፤ የነዳጁን መጠን የምትወስነውን መርፌ ከሞቃቱ ወራት ልኳ ግማሽ ዙር ገደማ አላላለሁ። ባትሪውን አገናኝቼ ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ፣ ከመታመቂያው ነጥብ ጋር አላትሜ እመልሰዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሞተሯ ራሷ ተወርውራ ወደ ፊት ትነሣለች። ለዚህ ሁሉ ጣት አላስጠጋም፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ከፕሮፔለር ፊት ለመሸሽ ይዘገያል፤ ወፍራም ጓንት ደግሞ ከባዶ እጅ ይከፋል። የእንጨት ዘንጉ የተሠራው ለዚህ ነው።

ስትነሣ ደስታው ቶሎ ያታልላል። ባትሪውን ወዲያው የነቀለ ሰው ሞተሯ በሰላሳኛው ሰኮንድ ስትሞት ያያታል፤ ክሩ ራሱን የሚያቆይበት ግለት ገና አልሞላም። እኔ ሲሊንደሯ በእጅ ሲነካ እስኪፋጅ ድረስ እጠብቃለሁ። የመርፌዋም ነገር ቀላል አይደለም። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ያለው አየር ከ20 ዲግሪው አየር 14 ከመቶ ያህል ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነውና ሞተሯ ብዙ አየር ትውጣለች፤ በሞቃቱ ወራት ልክ የተውናት እንደሆነ ነዳጅ ያንሳትና መሬት ላይ እየዘፈነች ሰማይ ላይ ትታፈናለች። ከሐይቁ መካከል በላይ ሞተሯ ጸጥ ስትል የሚሰማው ዝምታ እንደ ሌላ ዝምታ አይደለም። በበረዶ ሸርተቴ የምታርፍ አውሮፕላን ግን ያለ ሞተርም ቢሆን በበረዶው ላይ በሰፊው ትንሸራተታለች፤ ችግሩ ሄዶ ማምጣቱ ነው። ስለ በረዶው ውፍረት የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለሚሄድ ሰው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ጥሩ በረዶ ይመክራል፤ እኔ ከደጋ የመጣሁ ሰው ነኝና ቦርቡሬ ሳልለካ አልረግጥም።

የእኅቴ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ አብሮኝ መጥቶ ካልሲውን፣ ዘንጉን፣ ጠርሙሱን ሁሉ እያየ “አጎቴ፣ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?” አለኝ። የእሱ አውሮፕላን በሊቲየም ባትሪ ነው የምትበረው፤ አዝራር ይጫናል፣ ትነሣለች። እውነቱን ነው፤ ዛሬ ለጀማሪ ሰው ግሎው ሞተር ግዛ ብዬ አልመክርም። ጥቂት ቆይቶ ግን ባትሪዎቹን ከጃኬቱ ውስጥ፣ ከብብቱ ሥር ሲያወጣ አየሁትና “እነዚህስ ምን ሆነው ነው?” አልሁት። “ከቀዘቀዙ ጉልበት አይኖራቸውም” አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ማታ ቤት ስንመለስ እሱ ባትሪውን ቻርጅ ላይ አድርጎ ጨረሰ። እኔ ገና ነኝ። ሜታኖል ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ የቀዘቀዘ ብረት ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም እንደ መነጽር ያልበዋል፤ በሁለቱ መካከል የተያዘ ኩሽኔታ በአንድ ሳምንት ይዝጋል። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ታንኩን ጨርሳ እስክትጠፋ እንድትሠራ እተዋታለሁ፤ ቤት ስደርስ ወደ ሳሎን ሳላስገባት ጋራዡ ውስጥ ትቆያለች፤ ፕላጓን ፈትቼ በቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት፣ በካርቡራተሩ በኩልም እንዲሁ አደርግና ፕሮፔለሩን በእጄ ደጋግሜ አዞራለሁ። በመብራቱ ሥር ተቀምጬ ይህን ስሠራ እጄ ጉሎ ጉሎ ይሸታል። የእኅቴ ልጅ በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ይዞ “እራት ቀርቧል” ይለኛል፤ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ እገባለሁ።